ትንሹን ሞተር በምን እናስነሳው?

(ገመዱን የበጠሰው ልጅ ያዘጋጀው የሳይንስ ትምህርት፣ ከ7ኛ ክፍል)

 

ባለፈው የወላጆች በዓል ቀን የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። መብራት ጠፋ። ርዕሰ መምህራችን ንግግር ላይ ነበሩ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፅ የለም። የክበባችን መምህር «ጄኔሬተሩን አስነሱት!» አሉ። እኔ ደግሞ የመካኒክ ልጅ ነኝ ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ ሮጥኩ። ገመዱን ሳብኩት፣ አልተነሳም። ደግሜ ሳብኩት፣ እምቢ አለ። አሥር ጊዜ ያህል ሳብኩት። በመጨረሻ አንድ እግሬን ጄኔሬተሩ ላይ አድርጌ ባለኝ ጉልበት ስስበው ገመዱ ብጥስ አለና በጀርባዬ ተዘረርኩ።

የሳቃችሁት ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሳቁስ ይሁን፤ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጆች ስንት ቀን የተለማመዱትን መዝሙር ያለ ማይክ ዘመሩ። ከኋላ የተቀመጡት ወላጆች ምንም ሳይሰሙ አጨበጨቡ።

ማታ አባዬ ጄኔሬተሩን መጥቶ አየው። ገመዱን አልነካም። መጀመሪያ የነካው ማብሪያ ማጥፊያውን ነው። «ይሄ እኮ ተዘግቷል» አለኝ። ለካ እኔ እስከ ማግስቱ ብጎትተውም አይነሳም ነበር! እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ለእናንተም ለማካፈል ነው።

የአክስቴ ልጅ ጥያቄ

በዚያው ሳምንት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። እሱም እንደኔ 13 ዓመቱ ነው። የጎረቤት ሣር እያጨደ ገንዘብ አጠራቅሟል። በዚያ ገንዘብ በሪሞት የሚነዳ መኪና መግዛት ፈልጓል። በባትሪ የሚሄደውን መጫወቻ ሳይሆን እውነተኛ ሞተር ያለውን፣ ነዳጅ የሚጠጣውን፣ ናይትሮ የሚባለውን። «ሱቅ ሄጄ ሳይ የሚነሱበት መንገድ አራት ዓይነት ነው። አባትህን ጠይቅልኝ፣ የትኛውን ልግዛ? ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ብቻ ነው» አለኝ።

እኔ ወዲያው «በገመድ የሚነሳውን እንዳትገዛ!» ብዬ መለስኩለት። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አባዬ ግን ይህን ሲሰማ ሳቀና «አንተ የመለስክለት ስላፈርክ ነው። ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ሲል በሐፍረት አይመከርም። መጀመሪያ ሥራውን እንወቅ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እየተቀመጥን የተማርነው የሚከተለው ነው።

1. ሞተር ለምን በራሱ አይነሳም?

የቤንዚን ሞተር እንዲሠራ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ነዳጅ፣ አየር እና እሳት። ነዳጁና አየሩ ሲሊንደር ውስጥ ገብተው በፒስተኑ መታመቅ አለባቸው። ሲቀጣጠሉ ፒስተኑን ይገፉታል፣ ሞተሩም ይዞራል። ችግሩ ምንድን ነው? ነዳጁንና አየሩን ስቦ የሚያስገባውና የሚያምቀው ያው ሞተሩ ሲዞር ነው። ለመዞር መቀጣጠል አለበት፣ ለመቀጣጠል ደግሞ መዞር አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች ሌላ ኃይል ሊያዞርለት ይገባል። ማስነሻ የምንለው ይህንን ነው።

ድሮ መኪና የሚነሳው ማኖቤላ በሚባል ጠማማ ብረት ነበር። ሰውየው ከፊት ቆሞ ብረቱን በእጁ ያዞራል። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ የሰው ክንድ ይሰበር ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማስነሻ ከሠራ በኋላ የካዲላክ መኪናዎች በ1912 እ.ኤ.አ. ይዘውት ወጡ። የእኛ መካኒኮች ዛሬ ሞተሪኖ የሚሉት የእሱን ዘር ነው።

አባዬ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረኝ። «ማስነሻ ማለት እንደሚቀሰቅስ ሰው ነው። የተኛውን ይቀሰቅሳል እንጂ ቁርስ አያበላም።» ማለትም ማስነሻ ሥራው ማዞር ብቻ ነው። ነዳጅ ከሌለ፣ አየር ከታፈነ ወይም እሳት ከሌለ በገመድም፣ በሞተሪኖም፣ በምንም ቢያዞሩት አይነሳም። የእኔ ጄኔሬተር እሳት አልነበረውም፤ ማብሪያው ተዘግቷላ!

2. ናይትሮ ሞተር ምን ዓይነት ነው?

ትንሽ ነው፣ ግን ቀልድ አይደለም። በትልልቆቹ የውድድር መኪናዎች ላይ ያለው ሞተር ሲሊንደሩ 3.5 ሲሲ ያህል ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ስለዚህ የሲሊንደሩ ባዶ ቦታ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም ማለት ነው። ሆኖም በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። የእኛ ጄኔሬተር በደቂቃ የሚዞረው 3,000 ያህል ነው። ልዩነቱን አስቡት!

ነዳጁ ቤንዚን አይደለም። ሜታኖል የሚባል የአልኮል ዓይነት፣ ናይትሮሜቴን እና ዘይት የተቀላቀለበት ነው። ናይትሮሜቴኑ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 በመቶ ይሆናል፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ዘይቱ ነዳጁ ውስጥ የተቀላቀለው ሞተሩ እንደ መኪና ለብቻው የዘይት ማጠራቀሚያ ስለሌለው ነው።

እሳቱም ይለያል። የሞተር ሳይክል ካንዴላ በየዙሩ ብልጭ ይላል። የናይትሮ ሞተር ካንዴላ ግን ብልጭታ የለውም። ውስጡ ፕላቲነም ያለበት ቀጭን የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ለማስነሳት ሲፈለግ 1.5 ቮልት ያህል ባለው ትንሽ ባትሪ ሽቦውን እንደ ፍም ያግሉታል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪው ይነቀላል። ሜታኖሉ ፕላቲነሙን ሲነካ የሚፈጠረው ሙቀትና የመታመቁ ሙቀት ሽቦውን እንደጋለ ያቆዩታል። ባትሪ ሳይኖር እሳቱ አይጠፋም ማለት ነው። እኔ ከሁሉም የደነቀኝ ይሄ ነው።

3. አራቱ ማስነሻዎች

ሀ) በገመድ የሚነሳ። ከሞተሩ ጀርባ ገመድ የተጠቀለለበት ትንሽ ጎማ፣ መልሶ የሚጠቀልል ስፕሪንግና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ኩሽኔታ አለው። ገመዱን ስንስብ ኩሽኔታው ሞተሩን ይይዝና ያዞራል፤ ስንለቅ ይለቀዋል። ልክ እንደ ጄኔሬተራችን ነው። ጥሩነቱ ከካንዴላ ማጋያው በቀር ሌላ ባትሪ አይፈልግም፣ ቀላል ነው፣ የትም ይወሰዳል። መጥፎነቱ ክንድ ያደክማል፣ ሰው ከተናደደበት ደግሞ ይበጠሳል። ገመዱ አጭር ስለሆነ እስከ መጨረሻው አይሳብም፤ አንድ ስንዝር ያህል ቶሎ ቶሎ ነው የሚሳበው።

ለ) በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ማስነሻ። ትራፓኖ ይመስላል። ረጅም ዘንጉን ከሞተሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ አስገብተው ቁልፉን ሲጫኑት ያዞራል። ብዙ ጊዜ በ7.2 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ክንድ አያደክምም። ነገር ግን ባትሪው ካለቀ ጨዋታው አበቃ። ሌላ ጉዳትም አለው፣ እሱን በተራ ቁጥር 4 እነግራችኋለሁ።

ሐ) መኪናው ላይ የተገጠመ ሞተሪኖ። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ከነጥርሱ እዚያው ሞተሩ ላይ ተገጥሟል። ባለቤቱ ባትሪ ያለበትን መያዣ በሽቦ ይሰካና ቁልፍ ይጫናል። ካንዴላውንም አብሮ ያግለዋል። ትራክሳስ የሚባለው ድርጅት በሚሠራው ላይ ካንዴላው ደህና መሆኑን የሚያሳይ መብራትም አለው። ለጀማሪ በጣም ምቹ ነው። ግን መኪናው ሁልጊዜ ያንን ክብደት ተሸክሞ ይሮጣል፤ የሚበላሽ ዕቃም ይበዛል።

መ) የማስነሻ ሳጥን። ሳጥኑ ውስጥ ባለ 12 ቮልት ባትሪና ጠንካራ ሞተር አለ፤ ከላይ የጎማ ጎማ ብቅ ብሏል። መኪናውን ሳጥኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ታች ሲጫኑት የጎማው ጎማ በመኪናው ሆድ ቀዳዳ በኩል የሞተሩን ቮላኖ ነክቶ ያሽከረክረዋል። ተወዳዳሪዎች የሚወዱት ይሄን ነው። ምክንያቱም ገመድም ሞተሪኖም መኪናው ላይ ስለሌለ መኪናው ይቀላል፣ ቶሎም ይነሳል። ግን ሳጥኑ ከባድ ነው፣ ለብቻው ይገዛል፣ ሆዱ ላይ ቀዳዳ ለሌለው መኪናም አይሆንም።

4. ሞተሩ ነዳጅ ሲጠግብ

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት፤ ገመድ የሚያስበጥሰው፣ ሞተርም የሚያሰብረው እዚህ ላይ ነው።

ሞተሩ እምቢ ሲል ሰው ደጋግሞ ያዞረዋል። በዞረ ቁጥር ነዳጅ እየሳበ ነው። ካልተቀጣጠለ ነዳጁ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጠራቀማል። አየር ይታመቃል፤ ፈሳሽ ግን አይታመቅም ማለት ይቻላል። ይህን በቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። መርፌ የሌለው አዲስ ሲሪንጅ ውሰዱ። አየር ሙሉበትና አፉን በጣታችሁ ዘግታችሁ ግፉት፤ ይገባል። አሁን ውኃ ሙሉበትና አፉን ዘግታችሁ ግፉት፤ ንቅንቅ አይልም። ነዳጅ የጠገበ ሞተር ፒስተኑ ወደ ላይ ሲሄድ የሚያጋጥመው ልክ ይሄ ነው።

ገመድ የያዘ ሰው እጁ ይነግረዋል። ገመዱ ድንገት ይከብዳል። ብልህ ከሆነ ያቆማል፤ እንደኔ ከሆነ እግሩን አስደግፎ ይስባል። የኤሌክትሪክ ማስነሻ ግን ብዙ ጊዜ አይሰማም። ጉልበት አለው፣ ጆሮ የለውም። ዝም ብሎ ሲያዞር ኩሽኔታውን ሊበላው፣ ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግም ሊያጣምም ይችላል። ቅድም እነግራችኋለሁ ያልኩት ጉዳት ይህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ካንዴላውን ፍቱ። ሞተሩን ገልብጣችሁ ጨርቅ ያዙበት። ከዚያ ጥቂት ዙር አዙሩት፤ ነዳጁ ይተፋል። ከዚያ በኋላ ካንዴላውን አይታችሁ መልሱ። ሽቦው በማጋያው ሲጋል ብርቱካናማ ሆኖ ካልበራ ተቃጥሏልና ይቀየር።

አዲስ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ሳይጠግብም ሊከብድ ይችላል። ሲሊንደሩ ወደ ላይ ጠበብ ብሎ ስለሚሠራ ፒስተኑ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይጨናነቃል። ባለሙያዎች ከማስነሳታቸው በፊት በፀጉር ማድረቂያ ያሞቁታል፤ ብረቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ይላላል። «ብረት ሲሞቅ ይሰፋል» ብለን ለፈተና የሸመደድነው ይኸው ሥራ ላይ ዋለ!

5. ታዲያ የትኛው ይሻላል?

አባዬ መልስ ከመስጠቱ በፊት የአክስቴን ልጅ ሦስት ጥያቄ ጠየቀው። «የት ነው የምትነዳው? ማን አብሮህ ይሆናል? ልትወዳደርበት ነው ወይስ ልትማርበት?» እሱም «እሁድ እሁድ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ከአባቴ ጋር፣ ለመማር» ብሎ መለሰ።

የአባዬ ምክር ይህ ነበር፦

የሚወዳደር ሰው ሳጥኑን ይያዝ። ደቂቃ ለእሱ ገንዘብ ነው።

ክንዱ ደካማ የሆነ ወይም ትንሽ ልጅ በእጅ የሚያዘውን ይምረጥ። ነገር ግን ሞተሩ ሲከብድ ቁልፉን ወዲያው ይልቀቅ፤ ባትሪውንም ማታ ሞልቶ ይደር።

ቶሎ ተነስቶ መንዳት ብቻ የሚፈልግ መኪናው ላይ የተገጠመውን ይውሰድ።

ሞተር መማር የሚፈልግ፣ ገንዘቡም ትንሽ የሆነ በገመድ የሚነሳውን ይግዛ። «እጁ ሞተሩን ማዳመጥ ይለምዳል። ኋላ ሌላ ማስነሻ ቢገዛም ያዳመጠው እጅ አብሮት ነው» አለ።

እኔ መጀመሪያ አልተዋጠልኝም ነበር። ግን ሳስበው ጄኔሬተሩ ላይ ገመዱ ጥፋት አልነበረበትም። ገመዱ «ቁም፣ አንድ ነገር ጎድሏል» እያለኝ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

የአክስቴ ልጅ በገመድ የሚነሳውን ገዛ። የመጀመሪያው እሁድ አልተነሳለትም። ድሮ ቢሆን «ጎትት!» እለው ነበር። አሁን ግን «ተው አትሳብ። ነዳጅ፣ አየር፣ እሳት ብለህ በተራ እይ» አልኩት። ካንዴላውን ፈትቶ ሲያየው ሽቦው አይግልም፤ ለካ ማጋያው ቻርጅ አልተደረገም። በሁለተኛው እሁድ የድምፅ መልእክት ላከ። ስንከፍተው መጀመሪያ ትር ትር ትር፣ ከዚያ እንደ ትልቅ ንብ ጥዝዝዝዝ! አባዬ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማውና «ነዳጅ ትንሽ በዝቶበታል» አለ። ከባሕር ማዶ!

አንዳንዶቻችሁ «መኪናውን ለክረምት ይዞልን ይምጣ» ብላችሁኛል። መኪናው ቢመጣም ነዳጁ ተቀጣጣይ ስለሆነ መንገደኛ በአውሮፕላን ይዞት መምጣት አይችልም። በዚያ ላይ የእኛ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየራችን ሳሳ ያለ ነው። እዚያ ዝቅ ባለው አገር የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲመጣ አየር አንሶት ነዳጅ ይበዛበታል፤ የነዳጁ መጠን መቀነስ አለበት። የጄኔሬተሮቻችንና የሞተር ሳይክሎቻችን ነዳጅም እንዲሁ ለደጋ አየር ይስተካከላል።

6. ጥንቃቄ

ሜታኖል መርዝ ነው። ቢጠጣ ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም፤ በቆዳም ይገባል። ሲነድ ነበልባሉ በቀን ብርሃን በደንብ አይታይም፣ ስለዚህ እሳት መኖሩ ሳይታወቅ ሰው ያቃጥላል። ማንኛውም ሞተር፣ ጄኔሬተራችንም ጭምር፣ ቤት ውስጥ አይነሳም፤ ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት። ያለ ትልቅ ሰውም አይሞከርም።

ለክበባችን

ከአባዬ ጋር የጄኔሬተሩን ገመድ ቀይረነዋል። ጎኑ ላይም በትልቁ ጽፌ የለጠፍኩት ወረቀት አለ፦ «ደጅ ነው ያለው? ነዳጅ አለ? ዘይት አለ? የነዳጁ መክፈቻ ተከፍቷል? ማብሪያው በርቷል? ከዚያ ገመዱን ቀስ ብለህ እስኪከብድህ ሳብ፣ ከዚያ ፈጠን አድርገህ ሳብ፣ መያዣውን ከእጅህ አትልቀቅ። ሦስት ጊዜ እምቢ ካለ አቁምና እንደገና ከላይ ጀምር።» ለአንደኛ ክፍል ልጆችም ይቅርታ እጠይቃለሁ። በትምህርት መዝጊያ ቀን መዝሙራቸውን በማይክ ይዘምራሉ፤ መብራት ቢጠፋም።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. ሞተር ለመሥራት የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. የናይትሮ ሞተር ካንዴላ ከሞተር ሳይክል ካንዴላ በምን ይለያል?
3. ነዳጅ የጠገበ ሞተር ለምን ይከብዳል? በሲሪንጁ ሙከራ አስረዱ።
4. አንድ ልጅ ለውድድር፣ ሌላው ለመማር መኪና ቢገዙ የትኛውን ማስነሻ ትመክሯቸዋላችሁ? ለምን?

መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። አራቱንም የመለሰ ተማሪ በትምህርት መዝጊያ ቀን ጄኔሬተሩን መምህራችን ባሉበት ያስነሳል። እኔ ወረቀቱን አነብለታለሁ፤ ገመዱን አልነካም!

ቸር ሰንብቱ።